ሃያኛዋ ስፒል

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ስፒሎቼን ስቆጥር አሥራ ዘጠኝ ሆኑብኝ። ደግሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ ዘጠኝ። መነጽሬን ጠርጌ፣ ከቆርቆሮዋ አንድ በአንድ እያወጣሁ ጠረጴዛው ላይ ደርድሬ ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ! ያን ጊዜ ሃያኛዋ የት ልትሆን እንደምትችል ገባኝ። ገና አሁን፣ ሻዬ እንኳ ሳይቀዘቅዝ፣ ልጄ ኖሪዩኪ ለሰባት ወር ልጁ የሠራሁትን ብርድ ልብስ ይዞ ሄዷል። ስፒሎቹ ደግሞ ጠዋቱን ሙሉ የተሰኩት እዚያው ብርድ ልብስ ላይ ነበር።

ሳዋኮ እባላለሁ። ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ኪሮሽ ከያዝኩ ግን ገና አራት ወር ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ብቻዬን ነኝ፤ ኖሪዩኪና ሚስቱ ቺጉሳ በመኪና ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ሰፈር ይኖራሉ። በዚህ ዕድሜዬ ክር መጠቅለል የጀመርኩት በማር ምክንያት ነው።

አዎ፣ በማር። የልጅ ልጄ ሶጎ የሦስት ወር ሳለ ቺጉሳ ጥርሷን ልትታከም ስትሄድ እኔ ዘንድ ትታው ነበር። ልጁ በለቅሶ አላባራ አለ። እኔም ጣቴን ማር አስነክቼ አፉ ውስጥ ከተትኩ፤ ወዲያው ዝም አለ። በእኛ ጊዜ ይሄ ወግ ነበር። አሁን ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር ሊመርዘው ይችላል ብለው ጠርሙሱ ላይ ሳይቀር ጽፈውታል፤ ፊደሉ ጉንዳን አያክልም፣ ማን ያነበዋል? ቺጉሳ ስትመለስ ከንፈሩን አየችና «እማማ፣ ምን ሰጡት?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት።

በማግስቱ ልጁ ዝልፍልፍ አለ፣ ጡትም እንቢ አለ። ሁለት ቀን ሐኪም ቤት አስተኙት። ሐኪሙ ማር ቀምሶ እንደሆነ ሲጠይቃት ቺጉሳ በሙሉ ልቧ «አልቀመሰም» አለችው። እኔ ማር መስጠቴን ያመንኩት ኖሪዩኪ ሦስተኛ ጊዜ ሲደውል ነው። ልጁ ዳነ፤ ማሩ ይሁን ጉንፋን ማንም ለይቶ አላወቀም። ቺጉሳ ግን ቤቴ ድረስ መጥታ፣ ሳትጮህ፣ እንዲህ አለችኝ፦ «ማሩን ይቅር እልዎታለሁ፤ ላያውቁ ይችላሉ። ስጠይቅዎት ‹ምንም› ያሉኝን ግን እንዴት አድርጌ ልርሳው?»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ልጁን ታቅፌው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እንደ እንግዳ ሻይ ቀርቦልኝ፣ ልጁ ከጠረጴዛው ማዶ በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ተያይተን ተለያየን። ኩራቴ አልፈቀደልኝም እንጂ አምጪው ብዬ እግሯ ላይ ብወድቅ ደስ ይለኝ ነበር።

እንግዲህ ሐሙስ ሐሙስ በሰፈራችን አዳራሽ ወይዘሮ ኦጋታ ኪሮሽ ያስተምራሉ ሲባል ሄድኩ። ጎረቤቴ ፉሚዬ ናት የጎተተችኝ። መጀመሪያ የሚያስተምሩት ካሬ ነው፤ መሃሉ እንደ ቀለበት ተጀምሮ፣ ዙሪያ ዙሪያውን እየተሠራ አራት ማዕዘን ሆኖ ያልቃል። ሠላሳ ካሬ ሠራሁ፤ ወርዱ አምስት፣ ቁመቱ ስድስት። ኖሪዩኪ ፎቶውን ሲያሳያት ቺጉሳ «ሲያልቅ ይላኩልን» አለች አለኝ። ቀጥላም፣ «ከዚያ እንግዲህ እሁድ እሁድ ይምጡ።» ይህን የሰማሁ ቀን ማታ በደስታ እራቴን ሳልበላ ነው የተኛሁት።

ለካ ካሬውን መሥራት ቀላሉ ነው፤ ጉዱ ያለው ማጋጠሙ ላይ ነው! «ወለሉ ላይ ደርድሯቸው» ይላሉ ወይዘሮ ኦጋታ፤ «ማዕዘን ከማዕዘን ይገናኝ። የዚህኛውን ጠርዝ አንድ የክር ዓይን ከዚያኛው አንድ ዓይን ጋር፣ ጫፉ ዱልዱም በሆነ መርፌ፣ የውጭ የውጭውን ክር ብቻ እየያዛችሁ ስፉ። አትሳቡት! የሳበ ሰው ብርድ ልብስ ሳይሆን ጆንያ ነው የሚሠራው።» አሥራ ሁለት ሴቶች አቀርቅረን እሺ እሺ እንላለን።

የእኔ ካሬዎች ግን አንዳቸውም ከአንዳቸው አይስማሙም። መጀመሪያ ሰሞን ተናድጄ የሠራኋቸው ጥብቅ ጥብቅ ብለው ትንንሽ ሆነዋል፤ ቺጉሳ «እሁድ እሁድ» ካለች በኋላ የሠራኋቸው ዘና ብለው ሰፍተዋል። ስታጋጥሚያቸው አንዱ ይተርፋል፣ አንዱ ይጎድላል። ወይዘሮ ኦጋታ ማዕዘን ማዕዘኑን በሌላ ክር አስሬ እንድይዘው ነገሩኝ። እኔ ግን የሟች አማቴን የስፒል ቆርቆሮ ይዤ ክፍል ሄድኩ። ሃያ ስፒሎች ናቸው፤ ቀጫጭን፣ አናታቸው ጠፍጣፋ ነጭ አበባ የሆነ። ወይዘሮ ኦጋታ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። «ለሕፃን ልብስ ስፒል? በፍጹም!»

አማቴ በሕይወት ሳለች ስለ መርፌ ያላት ሕግ አንድ ነበር፦ «ስትቀመጪ ቁጠሪ፣ ስትነሺ ቁጠሪ።» ሃያ ዓመት በዚህ ቃል ስትጠብሰኝ ኖራለች። ጥዬ ልነሳ ስል ከጀርባዬ ቆማ «ስንት ነው?» ትላለች። ስትሞት አለቀስኩ፤ መቁጠሩን ግን ተውኩት።

ማክሰኞ ጠዋት ስቀመጥ አልቆጠርኩም። የመጨረሻውን ረድፍ ስፒል ሰክቼ ሳጋጥም ኖሪዩኪ ካለው ሰዓት ቀድሞ ደረሰና ደጅ ሆኖ ጥሩንባ ነፋ። ስፒሎቹን ለቃቀምኩ፣ ጠቀለልኩ፣ በመኪናው መስኮት አቀበልኩት። የብርድ ልብሱ ጠርዝ ነጭ ነው። የስፒሎቹ አናት ነጭ ነው። እኔ ደግሞ ዓይኔ አርጅቷል።

ያን ቀን ያልፈለግኩበት የለም። ወለሉ ላይ የተነጠፈውን የገለባ ምንጣፍ፣ ታታሚውን፣ አገላብጬ በስንጥቁ መሃል ማግኔት ጎተትኩ። የአቧራ መሳቢያ ማሽኑን ከረጢት ጋዜጣ ላይ ዘርግፌ በእጄ ፈተሽኩ። ካልሲዬን ሳይቀር ገለበጥኩ። ስልኩን አነሳሁ፤ ምን ልላት ነው? ብርድ ልብሱ ላይ ስፒል ሊኖር ይችላል? በአራት ወር ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ልጅሽን ልገድለው ነበር? ስልኩን መልሼ አስቀመጥኩት።

ሲመሻሽ ከኖሪዩኪ ፎቶ መጣልኝ። ሶጎ በሆዱ ተኝቶ፣ የብርድ ልብሱን ማዕዘን አፉ ውስጥ ከትቶ። «ወዶታል!» ይላል ጽሑፉ። ፎቶውን በጣቴ እያሰፋሁ ካሬ በካሬ ፈለግኩ፤ እያሰፋሁት ሲሄድ እየደበዘዘ አስቸገረኝ። ደውዪ ይለኛል ልቤ፤ እጄ ግን እንቢ አለኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ይባል የለ? አንድ ቀን ካለፈ በኋላማ «ትናንት ለምን አልነገሩኝም?» ትለኛለች። ሁለት ቀን ካለፈ ደግሞ የባሰ። እሁድን ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ደግሞ ልጁ ታመመ ሊሉኝ ነው እያልኩ እደነግጣለሁ። ረቡዕ ሩዙ አረረብኝ፤ አፍንጫዬ ስር ሆኖ እንኳ አልሸተተኝም።

ሐሙስ ክፍል ስገባ ፉሚዬ አየችኝና «አንቺ፣ ምን ሆነሻል? መንፈስ ያየሽ ትመስያለሽ» አለችኝ። ፉሚዬ የልብ ወዳጄ ናት፤ የሚሰማኝን ለሌላ ሰው ማውጣት ስለማልወድ ሁሌም የምተነፍሰው ለእሷ ነው። ወደ ጓዳው ስቤ ሁሉንም ነገርኳት። እሷ ትንሽ አሰብ አደረገችና ጭኗን በእጇ መታ አደረገች።

«ኧረ ወይኔ! የእኔ ጥፋት ነው እኮ!»

«ምኑ?»

«ባለፈው ሐሙስ ቆርቆሮሽን ከፍቼ ሳይ አንዷ ዶልዱማ ነበር። አንስቼ ከአሮጌዎቹ ጋር ጨመርኳት። ልነግርሽ ብዬ ረሳሁት።»

ወይዘሮ ኦጋታ ዓመቱን ሙሉ የተሰበሩና የዶለዶሙ መርፌዎችን በአንድ ጣሳ ያጠራቅማሉ። በፈረንጆች ፌብሩዋሪ ስምንት ይዘናቸው ቤተ መቅደስ እንሄዳለን፤ ጠንካራ ጨርቅ ሲወጉ የኖሩ መርፌዎች ለስላሳ ነገር ላይ እንዲያርፉ ቶፉ በሚባል ትልቅ የአኩሪ አተር አይብ ላይ ሰክተን አመስግነን እናሰናብታቸዋለን። ጣሳው በቴፕ ታሽጓል፤ ቀኑ የፊታችን ቅዳሜ ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት አልቆጠርኩም፤ ስለዚህ ቀድሞውኑ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ ማለት ነው!

«አንቺ ሌባ!» ብዬ ትከሻዋን ደበደብኳት። ዓይኔ እንባ ሞላ። «ሦስት ቀን ገደልሽኝ እኮ!» እሷም ሳቀች። ዛሬ ሳስበው ሳቋ ትንሽ አጥሮ ነበር። ያን ሐሙስ ግን እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ዓርብም ሩዝ ሳላሳርር ቀቀልኩ።

ቅዳሜ ቤተ መቅደስ ተሰለፍን። ቶፉው የአንድ ሕፃን ትራስ ያህላል፤ ነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል። ወይዘሮ ኦጋታ የጣሳውን ቴፕ ልጠው መርፌዎቹን ትሪ ላይ ዘረገፏቸው። ቀስ ብዬ ቀረብኩ፤ የአማቴን ስፒል በገዛ እጄ ልሰካት ፈልጌያለሁ፣ ይቅርታም ልጠይቃት። ዝገት የበላው መርፌ አለ፤ ቀይ አናት፣ ሰማያዊ አናት፣ ዓይኑ የተሰበረ፣ የጎበጠ ኪሮሽ እንኳ አለ። ነጭ አበባ የለም።

«ሁሉም ወጥቷል?» አልኩ።

«ሁሉም» አሉ ወይዘሮ ኦጋታ ጣሳውን ገልብጠው እያሳዩኝ።

ዘወር ብዬ ፉሚዬን አየኋት። ከሰልፉ ወጥታ የጫማዋን ጫፍ ታያለች።

«ፉሚዬ።»

«ልብሽ እንዲያርፍ ብዬ ነው» አለች በለሆሳስ። «ታታሚው ስር ነው የሚሆነው ብዬ እኮ ነው። ሳትበዪ ሳትተኚ…»

ለሁለት ቀን ተኝቻለሁ! ልጁ ለሁለት ቀን ስፒል አቅፎ ሲተኛ እኔ ሩዜን በልቼ ተኝቻለሁ። ወደ ቺጉሳ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና፤ አይነሳም። ኖሪዩኪ ቅዳሜ መጋዘን ነው የሚውለው፤ ስልኩ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። «መኪናሽ የታለች?» ብቻ አልኳት ፉሚዬን።

ፉሚዬ መኪናዋ ላይ የአዛውንት ሹፌር ምልክት የለጠፈች ሴት ናት፤ ምልክቱንም አታሳፍረውም። ብስክሌት እያለፈን፣ ቢጫ መብራት ባየች ቁጥር እየቆመች፣ ነፍሴን ልታወጣት ደረሰች።

«ንጂው እንጂ! ቀብር እየሸኘሽ ነው?» አልኳት። ወዲያው የተናገርኩት ቃል አስደነገጠኝና አፌን ያዝኩ።

ትንሽ ሄደን ፉሚዬ፣ «ስሚኝማ» አለች፤ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «ዛሬ ነው ያወቅኩት በያት። ውሸት እኮ አይደለም። እኔ ነኝ ያታለልኩሽ፤ እኔም እመሰክርልሻለሁ። ማክሰኞን ምን ታደርጊበታለሽ? እሷ በምን ታውቃለች?»

እውነቱን ልናገርና፣ ሐሳቧ ጣፈጠኝ። ግማሹ እውነት ነዋ። ደጃፋቸው እስክንደርስ ድረስ በልቤ ስለማመደው ነበር፦ ዛሬ፣ አሁን፣ ቤተ መቅደስ ሆኜ ሳይ፣ በድንጋጤ ሮጬ መጣሁ። በጣም ያምራል።

ፉሚዬ መኪና ውስጥ ቀረች። የበሩን ደወል ተጫንኩ። ደግሜ ተጫንኩት። ከዚያ ቺጉሳ ጸጉሯ ተንጨባሮ በሩን ከፈተች።

«እማማ? ምነው? ልጁን እያስተኛሁ ስልኩን ድምፁን አጥፍቼው…»

«ሶጎስ? ደህና ነው?»

«ተኝቷል።»

«ብርድ ልብሱ የት ነው?» ጫማዬን እንዴት እንዳወለቅኩ አላውቅም። እያለፍኳት ገባሁ። ልጁ በጀርባው ተኝቷል፤ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል። የለበሰው ሌላ፣ ከሱቅ የተገዛ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ነው። የእኔው የታለ ብዬ ዞር ስል መደርደሪያው አናት ላይ አየሁት፤ ታጥፎ፣ ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ታስሮ።

«ስፒል አለበት» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም። «ቺጉሳ ልጄ፣ አንዷ ስፒል ጠፍታኛለች። ብርድ ልብሱ ላይ ትሆናለች። አታልብሺው። እለምንሻለሁ አታልብሺው።»

ቺጉሳ ወደ ወጥ ቤት ሄደች፤ መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። ተመልሳ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ የሻይ ሰሃን አስቀመጠች። ሰሃኑ ላይ ነጭ አበባ ያለባት ስፒል ተጋድማለች።

ከዚያ ተንበርክካ የሶጎን እጅጌ በዝግታ ሰበሰበች። ክንዱ ላይ፣ ከእጁ አንጓ እስከ ክርኑ፣ ቀጭን ቀይ መስመር አለ፤ ደርቆ መሻር ጀምሯል። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እጄን ወደ ልጁ ሰደድኩና መልሼ ሰበሰብኩት፤ መንካት አልቻልኩም።

«ዓይኑ ሊሆን ይችል ነበር» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ሊውጣት ይችል ነበር።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«መቼ አወቁ?»

ከመስኮቱ ውጭ የፉሚዬ መኪና ትታየኛለች፤ ያቺ ደግ ውሸታም መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ቁጭ ብላለች። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነው፦ ዛሬ። አንድ ቃል ናት። ልጁ በእንቅልፉ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ያን ቀን ማር ያስላስኩት ጊዜም እንዲሁ አድርጎ ነበር።

«ማክሰኞ» አልኳት። «ኖሪዩኪ እንደሄደ ቆጠርኩ፤ ጎደለ። ፈርቼ ነው። ሐሙስ ሰው ተገኘች ብሎ ዋሸኝ፤ እኔም ማመን ስለፈለግኩ አመንኩ። ግን ያወቅኩት ማክሰኞ ነው።»

ቺጉሳ ዓይኗን ጨፈነች።

«እኔም ያገኘኋት ማክሰኞ ማታ ነው» አለች። «አራት ቀን ሙሉ ስልኩን ሳይ ነበር። ለኖሪዩኪም አልነገርኩትም፤ ቢያውቅ እሱ ይደውልልዎታል። እኔ የፈለግኩት እርስዎ እንዲደውሉ ነው። ረቡዕ ጠበቅኩ፣ ሐሙስ ጠበቅኩ። ትናንት ተስፋ ቆረጥኩ።»

«ዛሬ ብልሽ ኖሮስ?»

«አሰናብትዎት ነበር። ሁለተኛም አይመጡም ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አላውቅም። ተናድጃለሁ! አራት ቀን እማማ! አራት ቀን!» ድምፅዋ ልጁን እንዳይቀሰቅሰው በሹክሹክታ ነው የምትጮኸው፤ እንባዋ ግን ይወርዳል። እኔም አለቀስኩ። ማባበል አልቻልኩበትም፤ ይቅርታ የሚለውን ቃል እንኳ ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላስታውስም።

በኋላ ተነስታ ፊቷን ታጠበች። ከረጢቱን ከመደርደሪያው አውርዳ ፊቴ አኖረችው።

«ነገ እሁድ ነው» አለች። «ይምጡና ይፍቱት። እያንዳንዱን ካሬ ፈትተው፣ እዚሁ፣ እኔ እያየሁ እንደገና ያጋጥሙት። ስፒል የሚባል ነገር በዚህ ቤት አይገባም። መርፌዋንም ሲቀመጡ ይቁጠሩ፣ ሲነሱ ይቁጠሩ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። አማቴ ከሞተች ስንት ዓመቷ!

«አንድ መርፌ ናት እኮ ልጄ፣ ምኗ ይቆጠራል?»

«አንድ ብለው ይቁጠሯት።»

በማግስቱ ሄድኩ። ስቀመጥ «አንድ» አልኩ፤ ጮክ ብዬ። የገዛ ስፌቴን እየፈታሁ ዋልኩ፤ ካሬዎቹ ተለያይተው ወለሉን ሞሉት። ማዕዘን ማዕዘኑን ወይዘሮ ኦጋታ እንዳሉት በክር አሰርኩ፤ ትንንሾቹ ላይ አንድ አንድ ዙር ጨመርኩባቸው፤ ዓይን ከዓይን እያገጣጠምኩ፣ ሳልስብ፣ ሰፋሁ። ቺጉሳ ልጁን ታቅፋ ማዶ ትቀመጣለች፤ ብዙም አናወራም። ስነሳ መዳፏን ትዘረጋለች፣ መርፌዋን አስረክባለሁ። «አንድ» ትላለች እሷም። ፉሚዬ መኪና ውስጥ ሆና ትጠብቀኛለች፤ እስካሁን በሙሉ አፍ አላናገርኳትም፤ መንዳቷን ግን አልተወችም።

በአራተኛው እሁድ የመጨረሻው ረድፍ አለቀ። ቺጉሳ ብርድ ልብሱን ወሰደችና ጠርዝ ጠርዙን፣ ካሬ በካሬ፣ በጣቷ እየዳበሰች መረመረችው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ መዳፏን ዘረጋች፤ መርፌዋን ሰጠኋት።

«አንድ» አለች። መርፌዋን መሳቢያው ውስጥ ቆለፈችና ሶጎን ከምንጣፉ አንስታ ወደ እኔ መጣች። «ይያዙት እስቲ፣ ሻይ ላፍላ።»

ከመቀበሌ በፊት እጅጌዬን ዳበስኩ፣ ኮሌታዬን ዳበስኩ፣ ኪሶቼን ገለበጥኩ፤ የቀሚሴን ጠርዝ ዙሪያውን በጣቶቼ ፈተሽኩ። ቺጉሳ ልጁን ይዛ፣ እስክጨርስ ድረስ፣ ቆማ ጠበቀችኝ።